የአባቴ ፋይል ጠፍቷል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በ1988 ዓ.ም. ገደማ በኮምፒውተር የጻፈውን የቤተሰባችንን ታሪክ ከድሮ ፍሎፒ አስገለበጥኩ። ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ነው። ባዮሎጂ የሚያስተምረው ወንድሜ «እንደ ዳይኖሰር ዘመኑ አልፎ ጠፍቷል» ይላል። እውነቱን ነው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አልጠፋም እህቴ! ወንድምሽ ከዳይኖሰር የተሻለ ምሳሌ እዚያው የሚያስተምረው ትምህርት ውስጥ አለለት።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ያኔ የግዕዝ ሶፍትዌር የሚሠራው ሁሉ ለእንግሊዝኛ በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ፊደላችንን በገዛ ራሱ ቅደም ተከተል ይደረድር ነበር፤ ያለው ቦታ ደግሞ 256 ብቻ፣ ከዚያም የተወሰነው የተያዘ፣ የኛ መሠረታዊ ፊደል ብቻውን 33 በ7 ሲባዛ 231 ስለሆነ ሲጠብባቸው ለሁለት ፎንት የከፈሉትም ነበሩ። አንዱ ቢሮ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት አንድ የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ የሆነው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ፊደላችንን አስገባ፤ «ሀ»ም በየትኛውም ስልክ 4608 ሆነች።

ሕይወት ያለው ነገርም እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አለው። ዲኤንኤ በአራት ፊደል ይጻፋል፣ ሦስት ሦስት እየተደረገ ይነበባል፤ 64 ቃል ይወጣዋል፤ ሰንጠረዡም እያንዳንዱ ቃል የትኛውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበትን ቁራጭ) እንደሚጠራ ወይም «አቁም» እንደሚል ይናገራል። ከባክቴሪያ እስከ ሰው ሰንጠረዡ አንድ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ባክቴሪያ የሰውን ኢንሱሊን መሥራት የቻለው ለዚህ ነው። ስንት የስኳር ታማሚ በዚህ መግባባት እንደሚኖር ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

ማይቶኮንድሪያ ግን ለየት ይላል። ሴላችን ውስጥ ሆኖ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፣ ሰንጠረዡም በጥቂቱ የተለየ ነው። ሌላው «እዚህ ጋ አቁም» ብሎ የሚያነበው ቃል ለእሱ አንድ አሚኖ አሲድ ነው። ጂኑን እንዳለ ለባክቴሪያ ብትሰጪው መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ጂኑ ምንም አልሆነም፣ በሌላ ሰንጠረዥ ስለተነበበ ነው። የአባትሽ ጽሑፍም የገጠመው ይኸው ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ኮፒ አድርጊው፣ ዋናውን እንዳትነኪው። ቅጂውን ዎርድ ላይ ክፈቺና የፎንቱን ስም እዪ፤ ፎንቱ ኮምፒውተርሽ ላይ ባይኖርም ብዙ ጊዜ ስሙ ይታያል። ከዚያ ያንን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ፈልጊ። ሲቀየር አንዳንድ ፊደል ሊዛነፍ ስለሚችል፣ በተለይ የሰውና የቦታ ስሞችን ከአባትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።