ጥያቄና መልስ፦ ክር የምታህለውን ባዮፕሲ እንዴት እናቁማት?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ለጥናት የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር የመርፌ ባዮፕሲዎችን (በመርፌ የተወሰዱ ቀጫጭን ናሙናዎችን) በአንድ የፓራፊን (የሰም) ብሎክ ላይ ደርድረን በማርከር (አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚያሳይ ቀለም) ልናቀልም ብለን ሞከርን። ከጥቂት ስላይድ በኋላ ግማሹ ቦታ ባዶ ሆነብን፤ የተገኘውም ላይ አንዳንዱ ቀለሙ ገርጥቷል። ምኑ ላይ ተሳሳትን? (ከሂርማታ)

መልስ፦ ባዶ የሆነባችሁ ናሙናውን እንደተኛ ስለበሳችሁት ይመስላል። ይህ ብዙ ናሙና በአንድ ብሎክ ላይ የመደርደር ዘዴ፣ ቲሹ ማይክሮአሬይ፣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው በቀዶ ጥገና በወጣ ወፍራም ዕጢ ነው፤ ከዚያ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር የሚረዝም ዓምድ በቀላሉ ይወጣል። የመርፌ ባዮፕሲ ግን ብሎኩ ውስጥ የተጋደመ ክር ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ለምርመራ ሲቆረጥ ከዚያም ላይ ይቀነሳል። ከላይ ሲበሱት የሚወጣው ዓምድ ጫፉ ላይ ብቻ ሥጋ አለው፤ የቀረው ፓራፊን ነው። የብሎኩን ፊት ስታስተካክሉ ያቺው ጫፍ ታልቃለች።

ስለዚህ ክሩ ይቁም። መጀመሪያ አዲስ ስላይድ በተለመዱት ማቅለሚያዎች፣ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን፣ ይቀለምና ፓቶሎጂስቱ ካንሰሩ ያለበትን ርዝመት ይከልልበት። ብሎኩን በ60 ዲግሪ አቅልጡና ክሩን በሞቀ ወረንጦ አንሱ። ወረንጦው ከቀዘቀዘ ፓራፊኑ ወዲያው ይረጋበታል፣ ክሩም ተጣብቆ ሲላቀቅ ይሰበራል። መብራት ድንገት ሊጠፋ ስለሚችልም ብሎኮቹን ሁሉ በአንዴ አታቅልጡ፤ ጎን ለጎን የቀለጡ ናሙናዎች ከተደባለቁ ማንም አይለያቸውም። የተከለለውን ክፍል በምላጭ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ቆርጣችሁ፣ ተቀባዩ (አዲሱ) ብሎክ ላይ 1.5 ሚሊሜትር በሚሰፋ ጉድጓድ እንደ ጧፍ አቁሙት። በጎኑ የቀረውን ክፍተት በአንድ ጠብታ የቀለጠ ፓራፊን ሙሉት፤ አየር ከቀረ፣ ከብሎኩ የተቆረጠው ስስ ቅጠል ስላይድ ላይ ከመነሳቱ በፊት ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ናሙናው ወልቆ ይሄዳል። የሁሉም አናት እኩል እንዲሆን ብሎኩን በ37 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያህል አሙቁና በንጹህ ስላይድ ጫን በሉት። 3 ሚሊሜትር የቆመ ቁራጭ በ4 ማይክሮን (በሚሊሜትር 4 ሺኛ) ውፍረት ሲቆረጥ በስሌት 750 ስስ ቅጠል ይሆናል፤ የሚባክነው ተቀንሶም ብዙ ይቀራል።

ሲቆም የሚታየው 1 ሚሊሜትር የምትሆን ክብ ብቻ ስለሆነች፣ ከአንድ ታካሚ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ትከሉ። አንዱ ማዕዘን ላይ የጉበት ቁራጭ አስቀምጡ፤ ስላይዱ ቢገለበጥ ካርታው የሚታወቀው በእሱ ነው።

የገረጣው ደግሞ ናሙናው እንዳይበላሽ ከሚነከርበት ፈሳሽ፣ ከፎርማሊኑ፣ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ናሙና ቶሎ ይደርሳል» የሚባለው ያሳስታል። ፎርማሊን ቶሎ ይሰርጋል እንጂ ከፕሮቲኑ ጋር የሚተሳሰረው በሰዓታት ነው። ለጡት ካንሰር ሆርሞን ተቀባዮች (ሆርሞን የሚይዙ ፕሮቲኖች) ምርመራ ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ገብቶ ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ራሳችሁ የምትበጠብጡ ከሆነ፦ 100 ሚሊ ሊትር የ37 በመቶ ፎርማልዲሃይድ፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት፣ 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት። ጨዎቹ ከተዘለሉ ፈሳሹ አሲድ ይሆንና ቲሹው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። ተቆርጦ ለወራት የተቀመጠ ስላይድም ቀለም መያዙ ይደክማል፤ ስለዚህ የምታቀልሙትን ያህል ብቻ ቁረጡ።

ብሎኩ ውስጥ የቀረው ካንሰር ለታካሚው ተጨማሪ ምርመራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን፣ ያንን ከጥናቱ አውጡት።