በጋብቻ የሚገኝ ዜግነት፣ ፓስፖርትና የቤተሰብ ጉዞ፦ ከደሴ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ባለፈው ሳምንት «በጋብቻ ስለሚገኝ ዜግነትና ስለ ፓስፖርት የሚያስጨንቃችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ» ብዬ ነበር። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ፣ ከከሚሴ፣ ከጅዳና ከቨርጂኒያ ጻፋችሁልኝ። የአብዛኞቻችሁ ጭንቀት ያው ነው። ጉዞው ተይዟል፤ ወረቀቱ ገና ነው።

ለማታውቁኝ፦ በባለቤቴ በኩል አሜሪካ ሄጄ 11 ዓመት ኖርኩ። ዜግነትም ወሰድኩ። አሁን ደሴ ፒያሳ አካባቢ የትርጉምና የፎርም መሙላት ሥራ እሠራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ክስ ያለበት ወይም ቪዛ ተከልክሎ የሚያውቅ ሰው በእኔ መልስ ብቻ እንዳይሄድ፤ ጠበቃ ይያዝ።

ቡናዬ ተፈልቷል። እንጀምር።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው። አምና ደሴ ተጋባን። ለሚመጣው ክረምት እኔ፣ እሱና እናቱ ዱባይ ተዝናንተን ከዚያ አሜሪካ ልንገባ አስበናል። እስከዚያ ዜግነቱንና ፓስፖርቱን መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ አይደርስም እህቴ። ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል ብዬ ነው በግልጽ የምነግርሽ። አሜሪካዊ ያገባ ሰው በጋብቻው ብቻ አሜሪካዊ አይሆንም። መጀመሪያ ባለቤትሽ አይ 130 የሚባለውን ማመልከቻ ያስገባል። ሲፈቀድ ጉዳዩ አዲስ አበባ ወዳለው ኤምባሲ ይመጣል። የጤና ምርመራ አለ፣ ኢንተርቪው አለ። ቪዛው ተመትቶልሽ ስትገቢ ግሪን ካርድ ይሰጥሻል። ስትገቢ ጋብቻችሁ 2 ዓመት ካልሞላው ካርዱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ሁለታችሁ አብራችሁ አመልክታችሁ ታስቀይሩታላችሁ። ይህን ረስተው መከራ ያዩ ሰዎች አውቃለሁ።

ዜግነት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ግሪን ካርድ ከያዝሽ 3 ዓመት መሙላት አለበት። 3ቱንም ዓመት ዜጋ ከሆነው ባልሽ ጋር አብረሽ መኖር አለብሽ። ከ3ቱ ዓመት ቢያንስ 18 ወሩን በአካል አሜሪካ መሆን አለብሽ። ማመልከቻውን 90 ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። በመሃል አገር ቤት መጥተሽ ከ6 ወር በላይ ከቆየሽ ግን ጥያቄ ይነሳብሻል።

ስለዚህ የክረምቱን ጉዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርትሽ አስቢው። አውጪውና አገላብጠሽ እዪው። ብዙ አገር ቢያንስ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋል። ዱባይ ላይ ለባልሽ አየር ማረፊያው ላይ ይመታለታል፤ አንቺ ግን ቪዛሽን ቀድመሽ ማውጣት አለብሽ። የአሜሪካውን ጉዞ ከዚህ ለይታችሁ ያዙት። የስደተኛ ቪዛ አሠራር ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኤምባሲው በዚያ ሰሞን የሚለውን ራሳችሁ አንብቡ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ፣ የወረኢሉ ልጅ ነኝ)፦ የዜግነት ኢንተርቪዬን አልፌአለሁ። መሃላው በቅርቡ ነው ብለውኛል። ባለቤቴ ዜጋ ናት፣ ሁለት ልጆች አሉን። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመድረስ የአራት ሰው ቲኬት ልቆርጥ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቲኬቱን ቆይ። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ።

የታናሽ ወንድሜ ሰርግ ሐይቅ ነበር። መሃላዬ ሰርጉ 9 ቀን ሲቀረው ዋለ። ቲኬቱን ቀድሜ ቆርጫለሁ፣ ሻንጣው ታስሯል፣ ለእናቴ የገዛሁት ጫማ ከላይ ተቀምጧል። የመሃላው ቀን በር ላይ አንዲት ሴት ግሪን ካርዴን ተቀበለችኝና ሣጥን ውስጥ ጨመረችው። ሣጥኑ በካርድ ተሞልቶ ነበር። በምትኩ የዜግነት ሰርተፍኬት ሰጡኝ። በማግስቱ ፓስፖርት ሳመለክት ደግሞ ዋናውን ሰርተፍኬት ወሰዱት፤ ከማመልከቻው ጋር አብሮ ይላካል። ወደ መኪናዬ ስመለስ ልቤ ያወቀው መሰለኝ። ግሪን ካርድ የለኝ፣ ሰርተፍኬት የለኝ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት የለኝ። የኢትዮጵያው ፓስፖርት መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በሕግ ግን ከትናንት ጀምሮ አይመለከተኝም።

ወንድሜ ሙሽራይቱን ይዞ የእናታችንን ጉልበት ሲስም ያየሁት በስልክ ነው። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ፓስፖርቴ ቤቴ የደረሰው ሰርጉ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር።

በዚያን ጊዜ ያላወቅኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ከማመልከቻው ጋር 60 ዶላር ጨምሮ ማስቸኮል ይቻላል። ጉዞው በ14 ቀን ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጉዞ ማስረጃ ይዞ ከፓስፖርት ኤጀንሲው ቀጠሮ መጠየቅ ይቻላል፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ግን ዋስትና የለውም። ሁለተኛ፣ መሃላው ራሱ ከጉዞው በኋላ እንዲሆን ምክንያቱን ጽፎ መጠየቅ ይቻላል። እስከምትምል ድረስ በግሪን ካርድህና በኢትዮጵያ ፓስፖርትህ መሄድና መመለስ ትችላለህ። እኔ ብሆን የቀኑን ነገር ሳላጣራ የግሸንን ዳገት አላስብም።

ልጆቹን በሚመለከት፦ ከ18 ዓመት በታች ሆነው፣ ግሪን ካርድ ይዘው፣ አሜሪካ ውስጥ ዜጋ ከሆነችው እናታቸው ጋር የሚኖሩ ከሆነ በሕጉ ቀድሞውኑ ዜጎች ናቸው። ፓስፖርት ብቻ ነው የሚቀራቸው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለታችሁም ወላጆች መቅረብ ወይም የቀረው ወላጅ ስምምነቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። የእነሱን ዛሬውኑ ጀምሩት።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ የውጭ ዜጋ ሳገባ ኢትዮጵያዊነቴን አጣለሁ? ሁለቱንም መያዝ አይቻልም?

መልስ፦ በማግባት ብቻ አታጪም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል፤ ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። የምታጪው የሌላ አገር ዜግነት ፈልገሽ የወሰድሽ ዕለት ነው። የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 ያንን በፈቃድ እንደመተው ይቆጥረዋል። አገራችን ጥምር ዜግነት አትቀበልም።

ይህን ስጽፍ ቀላል ነገር አስመስዬው ከሆነ ይቅርታ። ቀላል አይደለም። እኔ የማልኩ ቀን ማታ አልቅሻለሁ። ዛሬ ደሴ የምኖረው በቢጫ ካርድ ነው። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ 270/1994 የመጣው መታወቂያ ማለት ነው። ያለ ቪዛ እገባለሁ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እኖራለሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እሠራለሁ። ምርጫ ሲመጣ ግን ጎረቤቶቼ ሲሰለፉ እኔ በረንዳ ላይ ነኝ። መምረጥም መመረጥም አልችልም። ይህን አስበሽበት ወስኚ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ ባለቤቴ የመናዊ ነው። ከተጋባን 6 ዓመት፣ እዚህ መኖር ከጀመረ 5 ዓመት ሆነው። ሦስት ልጆች አሉን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ፓስፖርት ይዘን ሐጅ ብንሄድ ደስ ይለናል። የእኛን ዜግነት ማግኘት ይችላል?

መልስ፦ መርሐባ እህቴ። ሕጉ ይፈቅዳል። አዋጅ 378/1996 አንቀጽ 6 ኢትዮጵያዊት ወይም ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ሰው እንዲያመለክት መንገድ ይሰጣል። ጋብቻው በሕግ የተፈጸመ መሆን አለበት። ከተጋባችሁ ቢያንስ 2 ዓመት፣ ከማመልከቻው በፊት ደግሞ እዚህ ቢያንስ 1 ዓመት የኖረ መሆን አለበት። ይህን አልፋችኋል። ለአቅመ አዳም መድረስና የታማኝነት መሃላ መፈጸምም አለ። በጋብቻ ያልመጣ ሰው ግን 4 ዓመት መኖር ይጠበቅበታል።

ከባዱ ሌላ ነው። የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቁን ወይም የኢትዮጵያን ሲያገኝ እንደሚለቅ ማሳየት አለበት። የመን ውስጥ ወላጆችና ርስት ያለው ሰው በዚህ ላይ ከቤተሰቡ ጋር በደንብ ይምከር። ማመልከቻው ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይገባል፤ ኮሚቴ ያየዋል። የሐጅን ቀን ጠብቆ አያልቅም። ሐጁን አሁን ባለው ፓስፖርትና መኖሪያ ፈቃድ አስቡት፤ መኖሪያ ፈቃዱ እስከ መመለሻችሁ እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቁ።

ልጆቻችሁን አብሽሪ። አንዱ ወላጅ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። በአባታቸው የየመን ዜግነትም ካላቸው ግን 18 ዓመት ሲሞላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያውን እንደሚመርጡ ማሳወቅ አለባቸው። ቀኑን ከአሁኑ ጻፊው። አያቶቻችን ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል፤ በ1922ቱ ሕግ ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ ሴት በጋብቻው ብቻ ኢትዮጵያዊት ትሆን ነበር። ያ ቀርቷል።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ኒካህ አስረናል። ወረቀት ግን የለንም። ባለቤቴ ኒካሁ ሲታሰር ውጭ ነበር፣ ወንድሙ ነው ወኪል የሆነው። ለፕሮሰስ ይሆናል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ እኛ አገር በጣም ስለሚመጣ ረጋ ብዬ ልመልሰው። በሃይማኖትም በባህልም የተፈጸመ ጋብቻ በሕጋችን ጋብቻ ነው። ኤምባሲ ግን የሚፈልገው የወሳኝ ኩነት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። አዋጅ 760/2004 ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ካለፈም ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ዘግይቶ ምዝገባ አለ። ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የኒካሁን ቀንና የተመዘገበበትን ቀን ለይታችሁ አስጽፉ። ሁለቱ ሲምታቱ ነው ኢንተርቪው ላይ «ታዲያ መቼ ነው የተጋባችሁት?» የሚመጣው።

የወኪሉ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሁለቱ ተጋቢዎች በአካል ሳይገኙ የተፈጸመን ጋብቻ የሚቀበለው ከዚያ በኋላ እንደ ባልና ሚስት አብረው ካደሩ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ከኒካሁ በኋላ ከመጣ የገባበትን ማኅተም፣ ቲኬቱንና ፎቶዎቹን አስቀምጪ። ገና ካልመጣ፣ መጥቶ ሳይገናኝሽ ፋይል አያስገባ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የባለቤቴ ስም በየወረቀቱ ይለያያል። ችግር ይፈጥራል?

መልስ፦ ይፈጥራል። ትናንት ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ልንገርሽ። ሰይድ የሚለው ስም በልደቱ ላይ ኤስ ኢ አይ ዲ፣ በፓስፖርቱ ላይ ኤስ ኤ አይ ዲ፣ በጋብቻው ላይ ኤስ ኢ ዋይ አይ ዲ ሆኖ ተጽፏል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው ነው። የልደት ቀኑ ደግሞ ጥር 11 ቀን 1985 ነው። አንዱ ተርጓሚ 7 ደምሮ 1992 አድርጎታል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 19 ቀን 1993 ነው። ከታኅሣሥ 23 አካባቢ ጀምሮ 8 እንደሚደመር ይረሳል። የፓስፖርቱን አጻጻፍ ዋና አድርጉትና ሌላውን ሁሉ በእሱ አስተካክሉ፤ ከማመልከቻው በፊት እንጂ በኋላ አይሁን።

ጥያቄ (ከጅዳ)፦ ጀርመን፣ እንግሊዝና ካናዳስ?

መልስ፦ ባጭሩ። ጀርመን የጀርመን ዜጋ ላገባ 3 ዓመት መኖርና 2 ዓመት በትዳር መቆየት ይጠይቃል፤ ቋንቋም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ጀርመን ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች፤ የእኛ ሕግ ግን አልተቀየረም። እንግሊዝ 3 ዓመትና ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ። ካናዳ ላይ ጋብቻ ዜግነቱን አያሳጥርም፤ ማንም ሰው በ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን መኖር አለበት።

ጥያቄ (ቦታውን ባልናገር)፦ አንድ ደላላ «ዜጋ የሆነ ሰው አገናኝሻለሁ፣ በወረቀት ትጋቢያለሽ፣ ቶሎ ትወጫለሽ» ብሎኛል። ገንዘቡን ቤተሰቤ በሬ ሸጦ ሊከፍል ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ በእናትሽ ይዤሻለሁ፣ እንዳታደርጊው። ለወረቀት ብሎ መጋባት በአሜሪካ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት አለው። አንዴ ከተመዘገበብሽ ደግሞ ነገ ከልብሽ የምትወጂውን ሰው ብታገቢ እንኳ በጋብቻ የመግባት በር ይዘጋብሻል። ደላላው ብሩን ይዞ ይሄዳል። በሬው ግን ያባትሽ እርሻ ነው። ቢሮዬ ነይ፣ ቁጭ ብለን ሌላ የሚሆን መንገድ እንፈልግ። ገንዘብ አልጠይቅሽም።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ልጄ ዜግነቱን አግኝቶ «እማዬ ፓስፖርት አውጪ፣ አብረን እንጓዛለን» አለኝ። 67 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ መሄድ ይኖርብኛል?

መልስ፦ እማማ፣ አይኖርብዎትም። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ አሻራና ፎቶውን ደሴ ቅርንጫፍ መስጠት ይችላሉ። የታደሰ የቀበሌ መታወቂያና የልደት ሰርተፍኬት ያስፈልግዎታል። ፋይዳ ከሌለዎት እሱንም ያውጡ፣ ለሌላም ይጠቅምዎታል። የትውልድ ቀኑን በትክክል የማያውቁት ከሆነ ልጅዎ ለአሜሪካ ፎርም ላይ የእናቱን ልደት ምን ብሎ እንደሞላ አስቀድመው ይጠይቁት፤ አንድ ዓይነት ይሁን። የቀጠሮው ቀን እጅዎን በደንብ ታጥበው ቅባት ሳይቀቡ ይምጡ፣ የሠራ እጅ አሻራ አልነሣም ይላል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነኝ። መታወቂያዎን ይዘው ይምጡ፣ ፎርሙን አብረን እንሞላዋለን።