ከቤንች የሚነሳውን ተጫዋች በቁጥር መመዘን፦ ጥያቄና መልስ

በቅርጫት ኳስ የኮከቦቹን ቁጥር ሁሉም ሰው በቃሉ ይዞታል። ከቤንች (ከተቀያሪዎች ወንበር) ተነስቶ 15 ደቂቃ ስለሚጫወተው ልጅ ሲሆን ግን ክርክሩ ስሜት ብቻ ይሆናል። አንዱ “ለምን አያስገባውም?” ይላል፣ ሌላው “ለምን ያስገባዋል?”። እነዚህ ተጫዋቾች ከዚህ የተሻለ ፍርድ ይገባቸዋል። የሲዝን ቁጥራቸውን እንዴት እንደማነብ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ የምወደው ተቀያሪ በጨዋታ 6 ነጥብ ነው ያለው። ግን በ14 ደቂቃ ነው። ወደ 36 ደቂቃ ስቀይረው 15.4 መጣልኝ። ታዲያ ቋሚ መሰለፍ አይገባውም?

መልስ፦ ስሌትህ ልክ ነው። ወደ 36 ደቂቃ መቀየር ጥሩ ጅማሮ ነው፣ ብዙ የተጫወተውንና ትንሽ የተጫወተውን በአንድ መስፈሪያ ያስቀምጥልሃል። ችግሩ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል ብሎ ማሰቡ ነው። ድካም የለም፣ የተጋጣሚ ቋሚዎች የሉም፣ ስለ እሱ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ተከላካይ የለም።

አንድ ነገር ግን ወዲያው አጣራ፣ ፋውሉን። በ14 ደቂቃ 3 ፋውል የሚሰራ ከሆነ በ36 ደቂቃ 7.7 ይሆናል። በኤንቢኤ (በአሜሪካው ሊግ) 6ኛው ላይ ትወጣለህ። ስለዚህ ያ 15.4 በወረቀት ላይ እንጂ ሜዳ ላይ የለም። ወጣት ሴንተሮች (ቀለበቱ ሥር የሚጫወቱ ረጃጅሞች) ላይ ይህን ደጋግመህ ታየዋለህ። ፋውሉ ትንሽ ከሆነ ግን ተስፋህ መሠረት አለው።

ከተቻለ ደግሞ ከደቂቃ ይልቅ በ100 ይዞታ (ቡድኑ ኳስ ይዞ በሚያጠቃበት ተራ) የተሰላውን ተመልከት። ፈጥኖ የሚጫወት ቡድን በአንድ ደቂቃ ብዙ ኳስ ያገኛል፣ ደቂቃ ይህን አያሳይም።

ጥያቄ፦ ፊልድ ጎሉ 40 ከመቶ ብቻ የሆነ ተቀያሪ ጥሩ ሊባል ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። ፊልድ ጎል (ከሜዳ ከተወረወረው ስንቱ እንደገባ) ባለ ሁለት ነጥቡንና ባለ ሦስቱን እኩል ይቆጥራል፣ ነጻ ውርወራን ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። ትሩ ሹቲንግ የሚባለው ሦስቱንም ይይዛል። አሰራሩ ቀላል ነው። የነጻ ውርወራ ሙከራን በ0.44 አባዛ፣ የሜዳ ሙከራን ደምር፣ ድምሩን በ2 አባዛ፣ ከዚያ ነጥቡን በዚህ አካፍል።

ሁለት ተጫዋቾች 10 10 ነጥብ አገቡ እንበል። አንዱ 10 ጊዜ ወርውሮ ነው፣ ነጻ ውርወራ የለውም። ትሩ ሹቲንጉ 50 ከመቶ ነው። ሌላው 7 ጊዜ ወርውሮ 4 ነጻ ውርወራ አግኝቷል። የእሱ 57 ከመቶ ገደማ ይመጣል። በነጥብ እኩል ናቸው፣ ለቡድኑ ግን እኩል አይደሉም። ነጻ ውርወራው በ0.44 ሲቆጠር እንኳ ሁለተኛው ከአንድ የሚበልጥ ሙከራ ለጓደኞቹ ትቶላቸዋል።

ጀማል ክራውፎርድን አስታውስ። በ2015-16 ለክሊፐርስ ሲጫወት ፊልድ ጎሉ 40.4 ከመቶ ነበር፣ የሊጉ አማካይ ደግሞ 45 አካባቢ። በዚያ ብቻ ብትፈርድበት ትጥለዋለህ። ግን ነጻ ውርወራው 90.4 ከመቶ ነበር፣ ባለ ሦስትም አዘውትሮ ይወረውራል። በትሩ ሹቲንግ ስታየው ከአማካዩ ጋር የነበረው ክፍተት ይዘጋል ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ለምርጥ ተቀያሪ የሚሰጠውን የስድስተኛው ሰው ሽልማትንም ወስዷል። ይገባው ነበር ወይ የሚለውን በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ዩሴጅ የሚባለውስ?

መልስ፦ ሜዳ ላይ ሳለ የቡድኑ ጥቃት ስንት እጁ በእሱ እጅ እንደሚያልቅ ይነግርሃል፣ በውርወራ፣ በነጻ ውርወራ ወይም ኳስ በማባከን። አምስት ሰው ስለሆነ አማካዩ 20 ከመቶ ነው። ትሩ ሹቲንግን ያለ ዩሴጅ አታንብብ። ጥግ ላይ ቆሞ ክፍት ኳስ ብቻ የሚወረውር ባለ 12 ከመቶ ዩሴጅ ሰው 60 ከመቶ ቢያመጣ ጥሩ ነው። ተቀያሪዎቹን ተሸክሞ በ27 ከመቶ ዩሴጅ 56 የሚያመጣው ግን ይበልጥ ከባድ ሥራ እየሠራ ነው።

ጥያቄ፦ የኛ ተቀያሪ ዘንድሮ ባለ ሦስት በ40 ከመቶ ነው የመታው፣ ከ120 ሙከራ 48 አገባ። አምና 34 ከመቶ ነበር። ተሻሽሏል አይደል?

መልስ፦ ምናልባት። 6 ኳስ ቀለበቱን ነክቶ ወጣ ብለህ አስብ። 42 ከ120 ይሆናል፣ 35 ከመቶ። በመላው ሲዝን የ6 ኳስ ነገር ነው። በስሌት ካየነው በ120 ሙከራ ላይ ዕድል ብቻውን ውጤቱን ወደ ላይም ወደ ታችም በ9 ነጥብ ገደማ ሊያወዛውዘው ይችላል። ስለዚህ 34 እና 40 ሁለቱም ከአንድ እጅ ሊወጡ ይችላሉ።

እኔ ከመቶኛው በፊት የሙከራውን ብዛት ነው የማየው። ካለፈው ዓመት ይልቅ በ36 ደቂቃ ሁለት ተጨማሪ ባለ ሦስት እየወረወረ ከሆነ፣ ያ የራሱና የአሰልጣኙ ውሳኔ ነው፣ ዕድል አይደለም። ነጻ ውርወራውንም አያለሁ፣ ማንም ሳይከላከለው የሚወረውረው ስለሆነ እጁን በደንብ ያሳያል። ሁለቱም አብረው ካደጉ መሻሻሉን አምናለሁ። መቶኛው ብቻ ከሆነ ያደገው፣ አንድ ዓመት እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ እሱ ሜዳ ላይ ሲሆን ቡድኑ በ100 ይዞታ በ2 ነጥብ ይበልጣል። ሲቀመጥ ግን በ6። ቡድኑን በ4 ነጥብ እየጎዳ ነው ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ተቀያሪዎች ላይ የሚሠራው ትልቁ በደል እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

“ሲቀመጥ” በሚለው ቁጥር ውስጥ ማን አለ? እሱ ሲቀመጥ የሚገባው ቋሚው ነው። ከቋሚው ጋር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ ኮከቦች ሜዳ ላይ ናቸው። ያ 6 ነጥብ የኮከቦቹ ቁጥር ነው። ልጁን እያወዳደርከው ያለኸው ከአንድ ተጫዋች ጋር ሳይሆን ከምርጡ አምስት ጋር ነው። ጠንካራ ቡድን ላይ ያለ ጥሩ ተቀያሪ ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ይመስላል። ደካማ ቡድን ላይ ደግሞ ይገለበጣል። ቋሚዎቹ በተጋጣሚ ቋሚዎች ሲደበደቡ ይቆያሉ፣ ተቀያሪው የተጋጣሚ ቤንች ሲገባ ገብቶ የሚያምር ቁጥር ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ደቂቃዎቹን እከፍላለሁ። መጀመሪያ ከኮከቦቹ ጋር የተጫወተባቸውን ለብቻ። አራቱ ቋሚዎች ሳይነኩ እሱ በአምስተኛው ቦታ ሲገባ ቡድኑ ይወርዳል ወይስ እንዳለ ይቀጥላል? እንዳለ ከቀጠለ ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎ ኮከቦቹ ሳይኖሩ የተጫወተባቸውን። እዚያ ማሸነፍ አይጠበቅበትም። ቡድኑ ኮከቡ እስኪያርፍ በ1 ወይም በ2 ነጥብ ብቻ ቢወርድ ቤንቹ ሥራውን ሠርቷል።

ዕድልን ደግሞ አትርሳ። 15 ደቂቃ በ70 ጨዋታ 1,050 ደቂቃ ነው፣ በግምት 2,200 ይዞታ። በዚህ ልክ የ3 ወይም የ4 ነጥብ ልዩነት ያለ ምንም ምክንያት ሊመጣ ይችላል። ተጋጣሚ በእሱ ደቂቃ ባለ ሦስት ስለቀናው ብቻ ልጁ ጥፋተኛ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ይሄን የሚያስተካክል ቁጥር አልተሠራም?

መልስ፦ ተሠርቷል። በ2004 ዳን ሮዘንባውም የተስተካከለ ፕላስ ማይነስን አስተዋወቀ (ፕላስ ማይነስ ማለት ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሳለ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት ነው)። ሜዳ ላይ ያሉትን አሥሩንም ሰው በአንድ ጊዜ አስገብቶ የእያንዳንዱን ድርሻ ለመለየት የሚሞክር ስሌት ነው። በ2010 ጆ ሲል ይበልጥ የተረጋጋውን መንገድ አቀረበ፣ ራፕም የሚባለውን። እሱ ትንሽ የተጫወተን ሰው ወደ አማካዩ ይጎትታል።

ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን ለተቀያሪ ስታነበው ተጠንቀቅ። ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ነው ማለት “መካከለኛ ነው” ማለት ላይሆን ይችላል። “ገና በቂ መረጃ የለኝም” ማለትም ይሆናል። የሁለትና የሦስት ዓመት ድምር ካገኘህ እሱን ውሰድ።

ጥያቄ፦ ፒኢአር 12.5፣ ቢፒኤም ከዜሮ በታች 1። ደካማ ነው?

መልስ፦ ለተቀያሪ ደህና ነው። ሁለቱም የተጫዋቹን ስታትስቲክስ ወደ አንድ ቁጥር የሚጠቀልሉ መለኪያዎች ናቸው። በፒኢአር የሊጉ አማካይ 15 ነው፣ በቢፒኤም 0። ግን ይህ አማካይ በደቂቃ የሚመዘን ነው፣ ብዙ ደቂቃ የሚጫወቱት ደግሞ ጥሩዎቹ ናቸው። ስለዚህ “አማካይ” ማለት ቋሚ ተሰላፊ አካባቢ ነው። በቢፒኤም በቀላሉ ከየትም የሚገኝ ተጫዋች ልክ ከዜሮ በታች 2 ተብሎ ይቆጠራል። ከዜሮ በታች 1 የሆነ ሰው ከዚያ ይሻላል፣ ደቂቃውን ለሌላ ብትሰጠው ቡድንህ ይከስራል።

ፒኢአር ላይ ግን ብዙ አልደገፍም። ብዙ ለሚወረውር ያደላል፣ መከላከሉንም በስቲልና (ኳስ በመንጠቅ) በብሎክ (ውርወራ በማገድ) ብቻ ነው ማለት ይቻላል የሚያየው።

ጥያቄ፦ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ የሚሰበሰብ ነጥብስ?

መልስ፦ አውጣው። በ25 ነጥብ ልዩነት በመጨረሻው ሦስት ደቂቃ የገባ 7 ነጥብ ምንም አይነግርህም። ክሊኒንግ ዘ ግላስ የተባለው የስታትስቲክስ ድረ-ገጽ እነዚህን ደቂቃዎች ቀንሶ ነው የሚያሰላው። ለ9ኛና ለ10ኛ ተጫዋች ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጥያቄ፦ መከላከልን በቁጥር ማወቅ ይቻላል? ከቤንች የሚገባው ልጃችን ሥራው እሱ ብቻ ነው።

መልስ፦ በከፊል። የመከላከል ሪባውንድን (ተጋጣሚ የሳተውን ኳስ መሰብሰብን)፣ ፋውልን፣ ስቲልንና ብሎክን በደቂቃው ልክ እይ። እሱ ሜዳ ላይ ሲሆን ተጋጣሚ ባለ ሦስት በስንት ከመቶ አገባ የሚለውን ግን ተወው፣ ባብዛኛው ዕድል ነው። ስንት ጊዜ ከቀለበቱ ሥር ወረወሩ የሚለው ይሻላል። ከሁሉም በላይ ግን አሰልጣኙ ማን ላይ እንደሚመድበው ተመልከት። የተጋጣሚን ምርጥ ጋርድ ሁሌ ለእሱ የሚሰጠው ከሆነ፣ ያ ምስክርነት ነው።

በ2014-15 የጎልደን ስቴቱ አንድሬ ኢጎዳላ በመደበኛው ሲዝን አንድም ጨዋታ አልጀመረም። በፍጻሜው የተጋጣሚው ኮከብ ሌብሮን ላይ ተመደበ፣ ከአራተኛው ጨዋታ ጀምሮ ቋሚ ሆነ፣ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ወጣ። በነጥብ አማካዩ ብቻ የመዘነው ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያየው አይችልም ነበር።

ጥያቄ፦ የስድስተኛው ሰው ሽልማት ትክክለኛውን ሰው ነው የሚመርጠው?

መልስ፦ አንዳንዴ። ከ1982-83 ጀምሮ አለ፣ የመጀመሪያው ተሸላሚ የፊላደልፊያው ቦቢ ጆንስ ነበር፣ በመከላከል የሚታወቅ ሰው። ከጊዜ በኋላ ግን ሽልማቱ ወደ ነጥብ አግቢዎች አዘነበለ። ክራውፎርድና ሉ ዊሊያምስ ሦስት ሦስት ጊዜ ወስደዋል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የ2016ቱን ግን እኔ ብሆን ለኢጎዳላ ነበር የምሰጠው።

የተቀያሪ ሲዝን ምን ሊመስል እንደሚችል ማየት ከፈለግህ የማኑ ጂኖቢሊን 2007-08 ክፈት። 19.5 ነጥብ በ31 ደቂቃ፣ ትሩ ሹቲንጉም ከ60 ከመቶ በላይ፣ ያውም በከፍተኛ ዩሴጅ። ጨዋታውንም የሚዘጋው እሱ ነበር። ከቅርቡ ደግሞ የቦስተኑ ፔይተን ፕሪቻርድ በ2024-25 በ28.4 ደቂቃ 14.3 ነጥብ አመጣ። ሽልማቱም በሚገባ የእሱ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ በወጣቶች ክለብ ከቤንች ነው የሚገባው። አሰልጣኙ “ነጥብህ ትንሽ ነው” ይለዋል። እኛ ጋ ይሄ ሁሉ ስታትስቲክስ የለም። ምን ልመዝግብለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃሻል። ሲገባ ሰዓቱንና የሁለቱን ቡድን ውጤት ጻፊ። ሲወጣም እንዲሁ። ከዚያ ደቂቃውንና ፕላስ ማይነሱን ታገኛለሽ። አጠገቡ እነማን እንደነበሩም ጻፊ፣ ከላይ እንዳልኩት ያለዚህ ቁጥሩ ያሳስታል። የሜዳ ሙከራ፣ ነጻ ውርወራ፣ ያባከነው ኳስ፣ ሪባውንድና ፋውል ጨምሪበት። በዓለም አቀፉ ሕግ ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፣ በ5 ፋውልም ይወጣል። ስለዚህ ፋውሉን በደቂቃ ልክ ማየት ለእሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በአንድና በሁለት ጨዋታ አትፍረጂ። 10 ጨዋታ ሲሞላ ደምሪው። ነጥቡ ትንሽ የሆነው ስለማይወረውር ነው ወይስ ስለሚስት? ሁለቱ የተለያየ ልምምድ ይፈልጋሉ። ኳስ የማያባክን፣ ፋውል የማያበዛ፣ ሲገባም ቡድኑ የማይወርድ ከሆነ ድምሩን ወስደሽ ለአሰልጣኙ አሳዪው። ተጨማሪ ደቂቃ ለመጠየቅ ከነጥብ የተሻለ ማስረጃ ነው።