ከለንደን ሂትሮው ፍራንክፈርት፦ የ40 ደቂቃው በረራ ነገር

እህቴ፣ ትኬትሽ አልተሳሳተም። «ስሄድ ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ ስመለስ አርባ ደቂቃ ብቻ ይላል፤ ለመሆኑ ርቀቱ ስንት ነው?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ግራ ገብቶኝ ነበር። ወንድሜ ፍራንክፈርት ስለሚኖር አሁን መንገዱን ለምጄዋለሁ።

ነገሩ የሰዓት ልዩነት ነው። ጀርመን ከእንግሊዝ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ትኬት ላይ የሚጻፈው ደግሞ የየአገሩ ሰዓት ነው። 9:30 ተነስተሽ 12:10 ስትደርሺ ለንደን ገና 11:10 ነው። ስለዚህ መንገዱ አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። ስትመለሺም ያው ነው። 13:00 ተነስተሽ 13:40 የምትገቢው ያቺን የተወሰደችብሽን አንድ ሰዓት ስለምታገኚያት ነው። ሁለቱም አገሮች ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በአንድ ቀን ስለሆነ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። እኔን የሚያደናግረኝ እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ስንት ሰዓት ትገባለህ?» ስትለኝ ነው። የፍራንክፈርት 12:10 በአውሮፓ የሙቀት ወራት ለእሷ ሰባት ከአሥር፣ በብርዱ ጊዜ ስምንት ከአሥር ነው። እስክመልስላት ስልኩ ይቋረጣል።

ርቀቱ በአየር 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየር ላይ የምትቆዪው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሻይሽን ሳትጨርሺ ቀበቶ እሰሩ ይሉሻል። የቀረው ጊዜ መሬት ላይ ያልቃል። ሂትሮው ያን ሁሉ አውሮፕላን የሚያስተናግደው በሁለት ማኮብኮቢያ ስለሆነ ተራ መጠበቅ አለ። ፍራንክፈርት ደግሞ በ2011 በተከፈተው በሰሜን ምዕራቡ ማኮብኮቢያ ካረፋችሁ፣ አውሮፕላኑ በድልድይ አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ነው ወደ ተርሚናል የሚሄደው። ከሥር መኪና ሲከንፍ ታያለሽ። እኔ አሁንም በመስኮት አያለሁ።

መልሱ ላይ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ ትንሽ ይዘገያል። ሂትሮው ከተጨናነቀ ደግሞ አየር ላይ ያዞሯችኋል። አንድ ጊዜ ያንኑ እርሻ ሦስቴ አይቼዋለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ትኬቱ ላይ የኤርፖርቱን ስም በደንብ እዪ። እኔ አንዴ ርካሽ አገኘሁ ብዬ «ፍራንክፈርት» የሚለውን ብቻ አይቼ ገዛሁ። ያረፍኩት ሃን የሚባል ሌላ ኤርፖርት ነው። ሃን ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወንድሜ ዋናው ኤርፖርት ቆሞ ሲጠብቀኝ እኔ አውቶቡስ ስፈልግ፣ የቆጠብኳት ገንዘብም በዚያው አለቀች። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ተጽፎ ነበር። ዋናው ኤርፖርት ግን ከተርሚናል 1 ሥር በኤስ 8 ወይም በኤስ 9 ባቡር ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ዋናው ጣቢያ ያደርስሻል።

ፓስፖርትሽ ኢትዮጵያዊ ከሆነ የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን አያስገባሽም፤ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሻል። ይህን ሳያውቁ ከሂትሮው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። የፓስፖርት ሰልፉም ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ወንድሜን 12:10 ና የማልለው። 13:00 እለዋለሁ፤ እሱም እንደ ሐበሻ ሩብ ጉዳይ ላይ ከቤት ይወጣል፣ እኩል እንደርሳለን።