«ከሰማይ በታች ካሉ ሕዝብ ሁሉ»፦ አይሁድ በየአገሩ እንዴት ተገኙ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በእስራኤል ነው፤ ሥራዬም አንዲት አረጋዊት እናት መጦር ነው። የተወለዱት ባግዳድ ነው። የበር ጎረቤታቸው ከየመን፣ ከታች ያሉት ባልና ሚስት ከሕንድ፣ የላዩ ፎቅ ሰውዬ ከፖላንድ የመጡ ናቸው። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም በሰፈሩ አሉ። መልካቸው አይገናኝ፣ ምግባቸው አይገናኝ፤ ሁሉም ግን አይሁድ ነን ይላሉ። አብረውኝ የሚያስቀድሱ አንዳንድ ወንድሞች «እነዚህ የአብርሃም ዘር አይደሉም፤ የአውሮፓዎቹ ካዛሮች ናቸው፣ ሌሎቹም ሃይማኖቱን የተቀበሉ አሕዛብ ናቸው» ይላሉ። እውነት ነው? መበተናቸውስ ቅጣት ብቻ ነው? ደግሞ ዓርብ ማታ አረጋዊቷ ሻማ ሲያበሩ ማዕዱን አሰናድቼ አጠገባቸው መቆሜ ሃይማኖቴን ይነካብኛል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደድሽ እኅታችን፣ አንቺ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያየሽውን ቅዱስ ሉቃስ በበዓለ ሃምሳ ዕለት በኢየሩሳሌም እንደ ነበረ ጽፎልናል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ን አውጪ። የጳርቴ፣ የሜድና የኢላሜጤ ሰዎች፣ የመስጴጦምያ፣ የቀጰዶቅያ፣ የግብጽ፣ የሊቢያ፣ የሮሜ፣ የዓረብ ሰዎች ይላል። ሲነበብ የአገሮቹ ስም ስለሚከብደን ፈጥነን እናልፈዋለን። ቀስ ብሎ ለሚያነበው ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የፈጀ ስደት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ሜድና ኢላሜጤ ለምን መጀመሪያ ተጠሩ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 የአሦር ንጉሥ ሰማርያን ይዞ እስራኤልን ሲያፈልስ በጎዛን ወንዝ አጠገብና በሜዶን ከተሞች እንዳኖራቸው መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 17 ይናገራል። ከዚያ በ586 ኢየሩሳሌም በናቡከደነፆር እጅ ወደቀች፤ ይሁዳም ወደ ባቢሎን ተጋዘ። በዚያ ጊዜ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከውን ደብዳቤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ነው ያላቸው (ምዕ. 29)። እነርሱም ያንን አደረጉ። ቂሮስ ወደ አገራችሁ ግቡ ብሎ በፈቀደ ጊዜ የተመለሰው ከፊሉ ነው፤ የቀረው እዚያው ጸና። በኋላ በባቢሎን ምድር በሱራና በፑምበዲታ ከተሞች የነበሩት ጉባኤ ቤቶቻቸው እስከ ስፔን ድረስ ለሚመጣ የሕግ ጥያቄ መልስ ይልኩ ነበር። እኛ «ሊቁን ጠይቁ» እንደምንል፣ እነርሱም ለብዙ መቶ ዓመታት «ባቢሎንን ጠይቁ» እንደ ማለት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 እና 1951 ከመቶ ሺህ በላይ የሆኑት ከኢራቅ ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ያ ማኅበር ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ኖሯል። የምትጦሪያቸው እናት የዚያ ቤት ልጅ ናቸው።

የግብጾቹ መንገድ ሌላ ነው። ከናቡከደነፆር የሸሹት ኤርምያስን ራሱን ይዘው ወደ ግብጽ ወረዱ። በአባይ ላይ፣ ከአስዋን ፊት ለፊት ባለችው በኤሌፋንቲን ደሴትም በአምስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ለፋርስ ንጉሥ ድንበር የሚጠብቁ አይሁድ ወታደሮች ነበሩ፤ በአረማይክ የጻፏቸው የፓፒረስ ደብዳቤዎቻቸው ተገኝተዋል። እስክንድርያ ከተቆረቆረች በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ ዕብራይስጡን ትተው በግሪክ መናገር ጀመሩ። ልጆቹ ኦሪትን እንዳይረሱ ተብሎ በሦስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት መተርጎም የተጀመረው መጽሐፍ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው። የእኛም የግእዝ ብሉይ ኪዳን ከእርሱ ነው የተቀዳው። ዳዊት ስትደግሚ የስደተኞች ሥራ በእጅሽ አለ።

የሮሜዎቹ ብዙዎቹ በባርነት የሄዱ ናቸው። ፖምፔዮስ በ63 ከክርስቶስ ልደት በፊት ኢየሩሳሌምን በያዘ ጊዜ ምርኮኞችን ወደ ሮሜ ወሰደ፤ ነፃ ሲወጡም በዚያው ሰፈሩ። በሐዋርያት ሥራ 6፥9 «የነፃ ወጪዎች» የተባለችው ምኵራብ ስሟ ይህን የመሰለ ታሪክ ያላቸውን ሰዎች ያስታውሳል።

አሁን ወንድሞችሽ ወደ ያዙት ነገር ልምጣ። ሉቃስ የሮሜዎቹን ሲጠራ «አይሁድም ወደ ይሁዲነትም የገባን» ይላል። ስለዚህ በትውልድ ያልሆኑ፣ በእምነት የገቡ ሰዎች በመካከላቸው መኖራቸውን መጽሐፍ ራሱ አልደበቀም። ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ የአንጾኪያው ኒቆላዎስ ከእነርሱ ነው። በአስቴር ዘመንም ከምድሪቱ አሕዛብ ብዙዎች አይሁድ ሆኑ ይላል። ወደ ኋላ ብንሄድ ከግብጽ ሲወጡ «ብዙ ድብልቅ ሕዝብ» አብሮ ወጥቷል። ሩትም ሞዓባዊት ናት፤ «ሕዝብሽ ሕዝቤ፣ አምላክሽም አምላኬ» አለች፣ ዳዊትም ከእርስዋ ዘር ተወለደ።

ከዚህ ሁሉ እኔ የማልጠግበው የአዲያቤኔን ታሪክ ነው፤ አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ አቆይቶልናል። በዛሬዋ አርቢል ዙሪያ፣ በሰሜን ኢራቅ፣ አዲያቤኔ የሚባል ትንሽ መንግሥት ነበረ። በአንደኛው መቶ ዓመት ሐናንያ የሚባል አይሁዳዊ ነጋዴ ልዑሉን ኢዛጥስን ስለ እግዚአብሔር አስተማረው። እናቱን ንግሥት እሌኒን ደግሞ ሌላ አይሁዳዊ አስተምሯት ኖሯል፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ኢዛጥስ ሲነግሥ ልገረዝ አለ። እናቱ ሕዝቡ ያምጽብሃል ብላ ፈራች፤ ሐናንያም ሳትገረዝም እግዚአብሔርን ማምለክ ትችላለህ አለው። ከዚያ ከገሊላ አልዓዛር የሚባል ሰው መጣና ንጉሡን ኦሪት ሲያነብ አገኘው። ማንበብ ብቻ አይደለም፣ የተጻፈውን ማድረግ ነው አለው። ንጉሡም በዚያው ተገረዘ። በኢየሩሳሌም ጉባኤ፣ በሐዋርያት ሥራ 15፣ ሐዋርያት የተነጋገሩበት ጥያቄ በዚያው ዘመን በአንድ የሩቅ ቤተ መንግሥት ውስጥም ይጠየቅ እንደ ነበር ተመልከቺ።

እሌኒም ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣች፤ ረሃብም ደርሶ አገኛት። ገንዘቧን አውጥታ ከእስክንድርያ እህል፣ ከቆጵሮስ ደረቅ በለስ አስገዝታ ለድሆች አደለች። ይህ በቀላውዴዎስ ዘመን የሆነው ረሃብ ነው፤ አጋቦስ የተነበየው፣ የአንጾኪያ ክርስቲያኖችም በበርናባስና በሳውል እጅ እርዳታ የላኩበት። ከአንድ ወገን ክርስቲያኖች፣ ከሌላው ወደ ይሁዲነት የገባች ንግሥት፣ አንዲቱን ከተማ መገቡ። በኢየሩሳሌም ከአሮጌው ከተማ በስተሰሜን «የነገሥታት መቃብር» የሚባለው የእርስዋና የቤተሰብዋ ነው። ኢየሩሳሌም ስትሳለሚ እዚያም ብትደርሺ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለችውን ሴት «የአብርሃም ዘር አይደለሽም» የሚላት ማን ነው?

በሰይፍ የገቡም አሉ፤ ይህንንም ሳልነግርሽ አላልፍም። የአይሁድ ገዢ የነበረው ዮሐንስ ሂርቃኖስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ኤዶማውያንን ድል አድርጎ ወይ ተገረዙ ወይ ልቀቁ አላቸው። ከዚያ ወገን ሄሮድስ ወጣ፤ ቤተ መቅደሱን አሳምሮ የሠራው፣ የቤተልሔምን ሕፃናትም ያስፈጀው።

የየመኑ ጉዳይ እኛንም ይነካል። የሒምያር፣ ማለት የጥንቷ የመን፣ ነገሥታት በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጣዖቶቻቸውን ከድንጋይ ጽሑፋቸው አውጥተው የሰማይን ጌታ መጥራት ጀመሩ፤ ወደ ይሁዲነትም አዘነበሉ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ዩሱፍ፣ ዙ ኑዋስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ523 የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። ንጉሣችን ቅዱስ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ድል ያደረገው እርሱን ነው፤ ግንቦት 20 እናስበዋለን። እውነት ነው፣ የናግራን ሰማዕታት ደም ደማችን ነው። ነገር ግን የየመን አይሁድ ሁሉ የዙ ኑዋስ ልጆች አይደሉም፤ አይሁድ ከእርሱ በፊት በዚያ ነበሩ፣ ከእርሱም በኋላ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በላይ እንደ ብር አንጥረኛና እንደ ሸማኔ በእጃቸው ሠርተው ኖረዋል። ክርስቲያን ነን የሚሉ ነገሥታትም በአይሁድ ላይ እንዲሁ ግፍ ሠርተዋል። የስፔኑ ንጉሥ ሲሰቡት በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አይሁድን በግድ እንዲጠመቁ አዘዘ፤ በ1391 እዚያው አገር ብዙዎች ከሞትና ከጥምቀት አንዱን ምረጡ ተባሉ። በ1492 የቀሩት ሁሉ ተባርረው ወደ ተሰሎንቄና ወደ ቱርክ አገሮች ተበተኑ። በዚህ እንደ ክርስቲያን አፍራለሁ።

ካዛር የሚሉት ከካስፒያን ባሕር በስተሰሜን የነበረ የቱርክ ወገን ነው። ገዢዎቻቸው በስምንተኛውና በዘጠነኛው መቶ ዓመት መካከል ይሁዲነትን ተቀብለዋል፤ በስፔን አገር በኮርዶባ የነበረው አይሁዳዊው ሹም ሐስዳይ ኢብን ሻፕሩትም ለንጉሣቸው ለዮሴፍ ደብዳቤ ጽፏል። ከዚህ ተነስቶ የአውሮፓ አይሁድ ሁሉ ካዛር ናቸው ማለት ግን አይቻልም። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 በጀርመን ለምትገኘው ለኮሎኝ ከተማ ባወጣው አዋጅ የከተማዋን አይሁድ ይጠቅሳል፤ የካዛር ገዢዎች ይሁዲነትን ከመቀበላቸው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። ከራይን ወንዝ ዳር ከማይንስ፣ ከቮርምስና ከሽፓየር ነው እየተሰደዱ ወደ ፖላንድ የገቡት፤ ይዘውት የሄዱት ይዲሽ የሚባለው ቋንቋቸውም መሠረቱ የጀርመን ቋንቋ ነው። በ1096 በመስቀል ስም የዘመቱ ሰዎች በእነዚያ ከተሞች ፈጅተዋቸዋል። የሕንዶቹም ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በኮቺን አካባቢ የነበረ ንጉሥ ለአለቃቸው ለዮሴፍ ራባን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ያስቀረጸው የመብት ሰነድ አላቸው። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ኦሪትን በግእዝ የሚያነቡ ናቸው፤ የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍም እ.ኤ.አ. በ1973 ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ፈርደውላቸዋል። ነገዱን ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል?

ይህ የዘር ጥያቄ በአይሁድ መካከልም ተነስቷል። ዖባድያ የሚባል ወደ ይሁዲነት የገባ ሰው በ12ኛው መቶ ዓመት ግብጽ ለነበረው ሊቅ ለሙሴ ማይሞን ጻፈለት፤ እኔ ከአብርሃም ሥጋ ሳልወለድ በጸሎት «የአባቶቻችን አምላክ» ማለት ይገባኛል ወይ ብሎ። ሊቁ፣ በል፣ አትተው፣ አብርሃም ወደ እግዚአብሔር ለሚመጡ ሁሉ አባት ነውና አለው። እኛም በቅዱስ ጳውሎስ ቃል የአብርሃም ልጆች ተብለናል (ገላ. 3፥7)፤ በሥጋ ሳይሆን በእምነት የተጠራን ሰዎች የሌላውን ዘር ልንመረምር ከተነሳን መጀመሪያ የምናፈርሰው የራሳችንን ቤት ነው። ይህን ለወንድሞችሽ በፍቅር ንገሪያቸው።

ቅጣት ነው ወይ ላልሽው፣ ኦሪት ዘዳግም 28 እንደሚበተኑ፣ ምዕራፍ 30 ደግሞ እንደሚሰበሰቡ ይናገራል፤ ነቢያቱም ራሳቸው ኃጢአታችን ነው ብለው አልቅሰዋል። ያ ልቅሶ ግን የእነርሱ ነው፤ እኛ ጣት የምንጠቁምበት አይደለም። ሐዋርያው «በቅርንጫፎች ላይ አትመካ» ብሎናል (ሮሜ 11፥18)። ደግሞም በየከተማው ሙሴ በሰንበት የሚነበብበት ምኵራብ ባይኖር ጳውሎስ በየት ገብቶ ይሰብክ ነበር? በፊልጵስዩስ ልድያን ያገኛት አይሁድ በሚጸልዩበት በወንዙ ዳር ነው። ጃንደረባውም በሠረገላ ኢሳይያስን እያነበበ ሲመለስ ሊሰግድ የሄደው ወደ ኢየሩሳሌም ነበር። መበተኑ ለእኛ እንጀራ ሆነ።

የዓርብ ማታውን በተመለከተ፣ ማዕድ ማሰናዳት፣ ነጠላ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ምግቡን ሰንበት ሳይገባ ማዘጋጀት ሥራሽ ነው፤ አገልግሎትም ነው፤ ሃይማኖትሽን አይነካም። ቡራኬውን እርሳቸው ያድርጉ፣ አንቺ በአክብሮት ዝም በይ። ቀኖናችን ክርስቲያን ወደ ምኵራብ ገብቶ በጸሎታቸው እንዲተባበር አይፈቅድም፤ ያ ድንበር ነው። ከዚያ በላይ የሚያስጨንቅሽ ነገር ካለ ለንስሐ አባትሽ ዝርዝሩን ንገሪ፤ ቤቱንም አንቺንም የሚያውቁ እርሳቸው ናቸው። ሻማው በርቶ ሲያልቅ ስለ ባግዳድ ጠይቂያቸው፤ በልጅነታቸው በጤግሮስ ዳር ፋሲካቸውን እንዴት እንዳከበሩ ያጫውቱሽ፤ እኔም ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።