መልስ፦ ጀርባዋ ለቆሰለ አህያ የሚደርስላት አለ?

የጎረቤትህ አህያ ጀርባዋ ቆስሎ አሁንም እህል እንደሚጫንባት ጽፈህ፣ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅቶች መጥተው ይወስዷት እንደሆነ ጠይቀሃል። ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ስላላለፍካት ተባረክ።

አብዛኞቹ አይወስዱም። ትክክልም ይመስለኛል። አህያዋ ከተወሰደች ቤተሰቡ በምን ይበላል? የድርጅቶቹ ሥራ እንስሳውን ማከምና ባለቤቱን ማስተማር ነው። ለምሳሌ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የአህዮች በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ አገር በኤሊዛቤት ስቬንድሰን የተመሠረተ ነው። እኛም አገር፣ ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ለሆነች አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ገጣባ የሚመጣው ከክብደት ብቻ አይደለም። ጭነቱ በቀጥታ አከርካሪዋ ላይ ሲያርፍና ቀጭን የናይለን ገመድ ሲከረክራት ነው ቆዳዋ የሚላጠው። ስለዚህ ጎረቤትህ ቁስሉ እስኪድን አይጫናት። ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ትንሽ ጨው ጨምሮ ቁስሉን ይጠብላት። የተቃጠለ ዘይት ግን በፍጹም አይቀባት! ሲሽርላት ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ሁለት ትራሶች ይሥራላት፤ ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ይረፉ፣ መሐሉ ክፍት ይሁን። ገመዱንም በሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ይቀይረው።

ጎረቤትህን አትቆጣው፣ እንጀራው ናት። ቁስሉ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ አብራችሁ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት። ቢሾፍቱ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ኮሌጁ ጋ ጠይቁ።