ግጥም የሌለው ሙዚቃ ምን እያለ ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሙዚቃ አስተምራለሁ። የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ በስልኬ ባሰማቸው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መንጫጫት ጀመሩ። አንዷማ «ግጥም የለው፤ ታዲያ ምን እያለ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ጥያቄዋ ጥሩ ነው፤ ሙዚቃው ነው የረዘመባቸው። ሲምፎኒው ከ30 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በኖርዌያዊው የሙዚቃ ደራሲ ግሪግ «በተራራው ንጉሥ አዳራሽ» ይጀምሩ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው።

ስልኩን ይተዉት። መነሻው የቼሎ፣ የኮንትራባስና የባሶን ወፍራም ድምፅ ነው፣ ያውም በለሆሳስ፤ የስልክ ስፒከር አያወጣውም። ትልቅ ስፒከር ያገናኙና መነሻው የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርገው ያስተካክሉ። ከዚያ አይንኩት፤ መሐል ላይ ቢቀንሱት ዋናውን ነገር አጠፉት ማለት ነው።

ርዕሱን አይንገሯቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ምቱን ጉልበታቸው ላይ ይምቱ፤ ወደ መጨረሻው እጃቸው አይደርስበትም። ሲያልቅ «ምን ተሰማችሁ?» ሳይሆን «ምን ተለወጠ?» ይበሏቸው። «ፈጠነ፣ ጮኸ» ይላሉ። «ዜማውስ?» ብለው ይጠይቁና ደግመው ያሰሟቸው። ዜማው ያው አንዱ ነው፤ የሚለወጠው ከፍታው፣ ፍጥነቱ፣ የመሣሪያው ብዛት ነው። በንግሥ ቀን ማሕሌቱ ከዝግተኛው መረግድ ወደ ፈጣኑ ጽፋት ሲሻገር ያየ ልጅ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ታሪኩን በሦስተኛው ዙር ይንገሯቸው፦ ፔር ጊንት የተባለ ጎረምሳ ከተራራ ፍጡራን መሐል ገብቶ ያሳድዱታል። ቀጥለው «በረዶ የያዘ ዝናብ እየመጣ ነው ብላችሁስ?» ይበሏቸው። እሱም ይገጥማል። አሜሪካዊው የኦርኬስትራ መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1958 ኒው ዮርክ ውስጥ ለልጆች ባቀረበው ኮንሰርት ስለ ልብ ወለዱ ባላባት ዶን ኪሾቴ የተደረሰ ሙዚቃን ከሱፐርማን ታሪክ ጋር አጋጥሞ ያሳየው ይህንኑ ነው። ለልጅቷ መልስዎ እዚህ አለ፦ ሙዚቃው የሚለው መክበዱን፣ መጣደፉን፣ መፈንዳቱን ነው፤ ታሪኩን እኛ እናለብሰዋለን። ጎጃም ላይ «ሰምና ወርቅ ነው» ብሎ ማስረዳት ያጓጓል፤ ግን ያሳስታል። የቅኔ ወርቅ ተፈልጎ የሚገኝ ፍቺ አለው፤ እዚህ ግን የተደበቀ ቃል የለም። «ማይነር (የምዕራባውያን ቅኝት) ሐዘን ነው» የሚለውንም እንደ ሕግ አያስተምሩ፤ ጆሯቸው በትዝታና በአንቺሆዬ ያደገ ልጆች እንደዚያ ላይሰሙት ይችላሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቤትሆቨንን ይመልሱት፣ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ብቻ። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ በጭብጨባ ያውጡት። ምቱ ከቅንጣት ዝምታ ስለሚነሣ አብረው አይጀምሩም፤ በእጅዎ ምልክት ይስጧቸው። ከዚያ በደቂቃዋ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቁጠሩ። ቆጠራው ላይ ከተጣሉ ደግመው ያሰሟቸው።